ዳገት ላይ ዝም ያለው ፓምፕ

ነገሩ የጀመረው አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ደብረ ታቦር፣ ቤታችን በረንዳ ላይ ልብስ እያጠብኩ ሳለ ታላቅ እህቴ ደወለች። ከዐረብ አገር ተመልሳ የገዛቻት አሮጌ ሚኒባስ ወደ አንበሳሜ በሚወስደው ጠጠር መንገድ፣ ዳገቱ መሃል ላይ እንደገና ቆማለች።

«ሰዉ ወርዶ እየሄደ ነው» አለችኝ። ከበስተኋላዋ አንዲት ሴት «በእግሬ ብነሣ ኖሮ ይኼኔ ደርሼ እግሬን ታጥቤ ነበር!» ስትል ሰማሁ።

መኪናዋ ቀዝቀዝ ስትል ተነሥታ ባዶዋን ወደ ቤት ተመለሰች። እህቴ ወርዳ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«በቃኝ። ነገ ከሰዓት ደላላው ገዢ ይዞ ይመጣል። ሸጬ እመለሳለሁ።»

ወዴት እንደምትመለስ አልጠየቅኋትም። በሰው ቤት ስላሳለፈችው ዘመን ያጫወተችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእኛ ጋር በስልክ ለማውራት መታጠቢያ ቤት ትገባና፣ ድምፅዋ እንዳይሰማ የውኃውን ቧንቧ ትከፍት ነበር። እኛ እዚህ ሆነን የሚንሿሿው የስልክ መሥመሩ ይመስለን ነበር።

ሾፌራችን በዕድሜ ከእናቴ ጋር የሚቀራረቡ ሰው ናቸው። «ቤንዚኑ ነው» አሉ። ማደያው ሲደርቅ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የምንገዛው ቤንዚን ውኃ ይቀላቀልበታል ስለሚባል፣ መኪና በቆመ ቁጥር ሁሉም የሚያማው ቤንዚኑን ነው። ማጣሪያውን ፈተው፣ በአፋቸው ነፍተው መልሰው ገጠሙት።

እኔ የተማርኩት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ነው፤ ተመርቄ ሥራ እየጠበቅሁ ነበር። ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ ካልጠየቁኝ በቀር ዝም እላለሁ። ያን ቀን ግን የእህቴን ፊት አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። መኪናዋ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው የቤንዚን ፓምፕ ስለተበላሸ፣ ከሌላ መኪና የተፈታ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ተገጥሞላታል። ሽቦው ከዳሽቦርዱ ተነሥቶ በወለሉ ሥር እስከ ቤንዚን ታንኩ ይሄዳል። ቁልፉ ሲዞር ፓምፑ እንደ ንብ እምም ይላል።

«ጋሼ፣ ዳገቱ ላይ ስትቆም ፓምፑ ድምፅ ነበረው?»

«ተሳፋሪው እየጮኸ ማን ፓምፕ ይሰማል?»

«አልነበረውም» አለች እህቴ ከተቀመጠችበት። «ጆሮዬን ወለሉ ላይ ለጥፌ አዳምጫለሁ። ጭጭ ነው ያለው።»

ጭጭ ካለ ቤንዚኑ አይደለም፤ ኃይል አልደረሰውም፣ ወይም ፓምፑ ራሱ ሞቷል። ይህንኑ ቀስ ብዬ ተናገርኩ።

«እንግዲያ ኢንጂነሯ ትሞክረው» አሉ ሾፌሩ፣ እየሣቁ።

ሁለት ሽቦ የበየድኩባትን የፍሬቻ አምፖል አመጣሁ። ፊውዙ ጋ ሳገናኛት ቦግ ብላ በራች። ፓምፑ ጋ ስወስዳት ግን ደበዘዘች። ኃይሉ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ እየቀረ ነው። አምፖሏን እዚያው አስሬ፣ እህቴን እንድታያት ከኋላ አቆምኳትና ሽቦውን በጣቴ ተከትዬ ወደ ፊት ሄድኩ። ወለሉ ሥር ምንም የለም። ዳሽቦርዱ ጋ ስደርስ «ጋሼ፣ እስቲ እዚህ ላይ መታ መታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«ጠፋች!» ብላ ጮኸች እህቴ ከኋላ። «በራች! ኧረ ጠፋች!»

ሾፌሩ የመቱበት ቦታ ላይ እናቴ ያሰቀለቻት የእመቤታችን ሥዕል አለች። መኪናዋ የተገዛች ሰሞን ቄስ ጸሎት አድርሰውባት፣ በጠጠሩ መንገድ እንዳትወድቅ ሾፌሩ ራሳቸው በቪቴ ጠምዝዘው ያሰሯት ናት። ከዳሽቦርዱ በታች እጄን ሰድጄ ስዳስስ የቪቴው ጫፍ ሽቦው ውስጥ ገብቷል፤ መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ሲበጣጥሰው ኖሯል። እናቴ የቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

«ምንድን ነው?»

«እማዬ፣ ቪቴው ይመስለኛል።»

«የቱ ቪቴ?»

«የ… የሥዕሏ።»

ሾፌሩ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ምን ማለትሽ ነው? እመቤታችን ናት መኪና የምታቆመው?»

«አይደለም ጋሼ። ቪቴው ረዝሞ ነው።»

እናቴ አማተበች። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች። «ኧረ እኔ ስቀሉልኝ እንጂ ቸንክሩልኝ መቼ አልኩ?»

እህቴ ከኋላ ሣቀች። ሾፌሩ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፣ ሥዕሏን ተሳልመው፣ ቪቴዎቹን ራሳቸው ፈቱ። በአንደኛው ጥርስ ላይ የተበጠሰ የመዳብ ጭራ ተጠምጥሞ ወጣ። አገላብጠው አዩት።

«አጭር ቪቴ አጥቼ ነበር» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የተጎዳውን ሽቦ ቆርጬ ጣልኩ፣ አዲስ በየድኩ፣ በናስትሮ ጠቅልዬ ከዳሽቦርዱ አርቄ አሰርኩት። ሥዕሏን በማስቲሽ አጣበቅናት። ከሰዓት በኋላ ወጥተን ዳገቱን ሞከርነው፤ ሳታንገራግር ወጣችው። እህቴ ግን «ባዶዋንማ መች ቆማ ታውቃለች?» አለች። የደላላውን ቀጠሮም አልሰረዘችም።

በማግስቱ ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። መናኸሪያው ስንደርስ ተራ አስከባሪው «ቋሚዋ መጣች!» ብሎ ተጣራ፤ ሰዉ ሣቀ። ባዶ ሚኒባስ ውስጥ የመጀመሪያ ሆኖ መግባት በደኅናው ቀንም ማንም አይወድም። እህቴ በሩን ይዛ ቆማለች፤ አትጣራም። ነጠላዬን ተከናንቤ ገባሁና በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። አንዲት እናት ከውጭ አንገታቸውን አስገብተው «ልጄ፣ ትደርሳለች?» አሉኝ። «ትደርሳለች» አልኩ። አልሰሙኝም። መናኸሪያው በሙሉ እስኪዞር ድረስ ጮክ ብዬ «ትደርሳለች እማማ! ይግቡ!» አልኩ። ዘንቢላቸውን አቀብለውኝ ገቡ። እሳቸውን አይተው ሌሎችም ገቡ።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ ወሬው ሁሉ ቆመ። ሾፌሩ ማርሽ ቀነሱ። እህቴ ዐይኗን ከወለሉ ላይ አልነቀለችም። መኪናዋ እያቃሰተች፣ ግን ሳትቆም፣ ሙሉ ጭነቷን ይዛ ጫፍ ወጣች። እህቴ ያኔ ስልኳን አወጣች።

«እንዳትደክም» አለችው ደላላውን። «አልሸጥም።»

ከዚያ፣ እስከዚያች ሰዓት ማንንም ያልጠየቀችውን ሂሳብ መሰብሰብ ጀመረች። እኔ ጋ ስትደርስ እጇን ዘረጋች።

«እህትሽ እኮ ነኝ» አልኳት።

«ተሳፋሪ ነሽ» አለች።

ከፈልኳት።