የሲስተር ለተብርሃን ዝውውር

የካቶሊክ ደናግል ማኅበራችን አለቃ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሾፌራችን ታደሰ የመኪናውን የኋላ በር ከፈተልኝ። «ምነው?» ስለው «አሁንማ አለቃ ነዎት» አለኝ። እንደ ድሮዬ ከፊት ገባሁ።

ተሰናባቿ አለቃ ቁልፍና ማኅተም አስረከበችኝ። «ክሊኒክ ማስተዳደሩን፣ ከወረዳ ጋር መነጋገሩን ትለምጂዋለሽ። እህቶችን ማዛወር ግን አይለመድም» አለችኝ።

የመጀመሪያው ዝውውር ዳባት ላይ ጠበቀኝ። እዚያ ባለው ክሊኒካችን የሚያዋልዱት ሲስተር ለተብርሃን ነበሩ። አዲስ ነርስ ሆኜ ስመጣ እትብት መቁረጥና ቁስል መስፋት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል ብለው ወጣቶቹ ነርሶች ነገሩኝ።

ሳላምን ሄድኩ። በደረስኩበት ቀን አንዲት ወላድ ከገጠር በቃሬዛ መጣች። ልጁ በሰላም ተወለደ። የተቀደደው ሲሰፋ ግን በሲስተር እጅ ያለው መርፌ መያዣ ከትሪው ጋር ይጋጭ ጀመር። ጓንት አጥልቄ ከጎናቸው ቆምኩ። ቦታውን ለቀቁልኝ፤ እኔ ሰፍቼ ጨረስኩ።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነገርኳቸው። አዲስ አበባ ወዳለው የአረጋውያን እህቶች ቤታችን እንዲዛወሩ ወስኜ ነበር።

«ምክር ነው ወይስ ትእዛዝ?» አሉ።

«ትእዛዝ ነው፣ ሲስተር።»

«ለመታዘዝ ቃል ገብቻለሁ፤ እሄዳለሁ። ሕመሜን ግን ለሰው አይንገሩብኝ።» ያስተማሩኝ ሴት «አንቺ» ማለቱን ትተው በአክብሮት ሲያናግሩኝ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። ቃል ገባሁላቸው።

መሄዳቸው ግን በገበያ ተወርቶ እስከ ደባርቅ ተሰማ። የአጥቢያው የኦርቶዶክስ ቄስ አባ ገብረ ሥላሴ ሽማግሌዎችና እናቶች አስከትለው መጡ።

«እማሆይ፣ እኛ የእናንተ ሃይማኖት ተከታይ አይደለንም» አሉ ረጋ ብለው። «እሳቸው ግን የሁላችንም ናቸው። ምን ቢያጠፉ ነው የሚወስዱብን?»

«ምንም አላጠፉም፣ አባታችን።»

«እንግዲያ ለምን?»

ሕመማቸውን ላለማውጣት «የማኅበራችን ውሳኔ ነው» አልኩ። አንዲት እናት «አለቃ ስትሆኚ አንጀትሽን የት ጣልሽው?» ብላ ጮኸችብኝ። የመጀመሪያ ልጇን ያዋለድናት ሲስተርና እኔ ነን።

ያን ጊዜ ሲስተር ለተብርሃን ከክፍላቸው ወጡ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ለቄሱ አሳዩዋቸው። «ይኸው፣ አባ። በዚህ እጅ ልጅዎን እንድሰፋት ይፈቅዳሉ?»

የጮኸችብኝ ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አባ ገብረ ሥላሴ ወደ እኔ ዞሩ። «ሥራውን ይቀበሏቸው፣ እማሆይ፤ ልክ ነዎት። እሳቸውን ግን ለምን ይወስዱብናል? ለመጦሩ እኛ አናንስም።»

በማኅበራችን ሥራውን ያስረከበች እህት ቤቱንም ትለቃለች፤ ሁልጊዜ እንዲያ ስለነበር ሌላ መንገድ አላሰብኩም። «ሲስተር፣ እርስዎስ ምን ይፈልጋሉ?» አልኳቸው።

«እዚህ ብቀር ደስ ይለኛል» አሉ።

ውሳኔዬን ቀየርኩ። ዳባት ቀሩ። ማዋለጃ ክፍል ወንበር ተደርጎላቸው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ወጣቶቹን በቃል ይመሩ ጀመር። ከአማካሪዎቼ አንዷ «ገና በመጀመሪያው ውሳኔሽ አፈገፈግሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አፈገፈግኩ።

አሁን የአለቅነት ዘመኔ አልቆ ወደ ነርስነቴ ተመልሻለሁ። ከእኔ በኋላ ለምትሾሙት የምለው ይህንን ነው፤ ዝውውር ከመወሰናችሁ በፊት የምትዛወረዋን እህት ምን እንደምትፈልግ ጠይቋት። ጠይቃችሁም እምቢ ማለት ይኖርባችሁ ይሆናል። ቢሆንም ጠይቁ።