በወገራ መንገድ የደበቅሁት ቁጥር

ባለፈው እሑድ ቁስቋም ዳዊት ስደግም ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ተገለጠብኝ። አጠገቤ የተቀመጡት የልጅነት ባልንጀራዬ ቄስ አባ ሣህሉ አዩኝና ሳቁ።

«ምነው መምህር፣ ምራቅ አለቀ? ጣትህን ራስ አድርግና ግለጥ እንጂ!»

«ይቅርብኝ፤ ከተውሁት ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነኝ» አልኋቸው። የተውሁት ለንጽሕና ብዬ አይደለም። በፍርሃት ነው።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ጎንደር ውስጥ ሳይንስ ማስተማር ከጀመርሁ ገና አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ የዜማ መምህር ስለነበሩ ፊደል የቆጠርሁትም ዳዊት የደገምሁትም እርሳቸው ጉባኤ ላይ ነው። ለመምህር መታዘዝና የሰማሁትን በቃሌ መያዝ እችልበታለሁ፤ መጠየቅ ግን አላውቅም። በዚያ ክረምት ለሳይንስ አስተማሪዎች የሦስት ሳምንት ሥልጠና ተከፈተና ገባሁ። ያሠለጠኑን ሚስተር ኩሪያን የሚባሉ ህንዳዊ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ከጎንደር ብርድ በስተቀር የሚፈሩት ነገር ያለ የማይመስል ሰው።

እኛ አቶምን የነገር ሁሉ መጨረሻ አድርገን ስናስተምር ከርመናል። እርሳቸው ደግሞ ከአቶም ያነሱትን ቅንጣቶች ሊያሳዩን መጡ። አልኮል የተረጨበት የመስታወት ዕቃ ነበራቸው። ከሥሩ የተገጠመውን ጎማ ጨምቀው ሲለቁት ውስጡ በስስ ጉም ይሞላል፤ በጉሙ መካከል ነጫጭ ክሮች ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። እያንዳንዱ ክር አንድ ቅንጣት ያለፈበት መንገድ ነው። ቅንጣቶቹን የምትረጨው በጨለማ የሚያበራ የሰዓት ቀለም የተቀባች ጥፍር የምታህል ቆርቆሮ ነበረች።

«በወረንጦ ብቻ አንሷት» ብለውን ነበር። ተራዬ ሲደርስ ወረንጦው አዳለጠኝ። ሰው ሁሉ ሲያየኝ አፈርሁና በጣቴ አንሥቼ አስቀመጥኋት። ከዚያ ያየሁትን ልጽፍ እንደ ልማዴ ጣቴን ምላሴ ላይ እያደረግሁ ደብተሬን ገለጥሁ። ብራና ሲገልጥ ያደገ ጣት ደረቁን መግለጥ አይሆንለትም።

በማግሥቱ ሚስተር ኩሪያን ወረንጦው ለምን እንደሚያስፈልግ ሲያስረዱ፣ በሩቅ አገር የሰዓት ፊት ይቀቡ ስለነበሩ ልጃገረዶች አወሩን። ልጃገረዶቹ የብሩሹን ጫፍ ለማሾል ከንፈራቸው መካከል ያደርጉት ነበር። ከዓመታት በኋላ መንጋጋቸው በሰበሰ፤ የሞቱም አሉ።

«ቀለሙ ይኸው ነው» አሉ፣ ቆርቆሮዋን በወረንጦ ከፍ አድርገው።

ምላሴ አፌ ውስጥ የሌላ ሰው ምላስ መሰለኝ።

ለማንም አልተናገርሁም። ብናገር ትእዛዝ መጣሴም አብሮ ሊወጣ ነው። ጊዜው ፍልሰታ ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ እውላለሁ፤ የጾሙ ድካም ሁሉ የመርዙ መስሎ ታየኝ። እያስተማሩን ጥርሶቼን አንድ በአንድ በምላሴ እየገፋሁ ይነቃነቁ እንደሆነ እፈትሽ ነበር። አንድ ቀን የሽምብራ ቆሎ ስቆረጥም ድዴ ደማ። ቆሎውን መልሼ አስቀመጥሁና ሲመሽ ንፍሮ ብቻ በላሁ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ በማኪና ወደ ወገራ፣ ወደ አምባ ጊዮርጊስ እንደምንወጣ ተነገረን። ሚስተር ኩሪያን የጫማ ሣጥን የምታህል ቆጣሪ ይዘዋል፤ በዓይን የማይታይ ቅንጣት ባለፈባት ቁጥር ጠቅ ትላለች። ሥራችን በየመንገዱ ቆሞ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ጠቅ እንዳለች መቁጠር ነው። ምን እንደምናገኝ ግን አልነገሩንም።

«ከነገርኋችሁ ጆሯችሁ እኔን ለማስደሰት ይሰማል» አሉ።

«ጆሮ ያለው የየኔታ ልጅ ነው!» አለ አያ ደምሴ። ከእንፍራንዝ የመጣ፣ በዕድሜ ሁላችንን የሚበልጥ ተረበኛ አስተማሪ ነበር። «ዜማ የቆጠረ ጠቅታ ያቅተዋል? ለእርሱ ስጡት!»

ሣጥኗ ጭኔ ላይ ተቀመጠች። ከሆዴ አንድ ስንዝር አትርቅም።

ጎንደር ላይ ሃምሳ ስምንት ቆጠርሁና ያንኑ ጻፍሁ። የዕቃው ልማድ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ማኪናው በጭቃው እየተንሸራተተ ዳገቱን ጀመረ፤ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ከዳገቱ ወገብ ላይ ቆምን፤ ስልሳ ሰባት። ላብ አጠመቀኝ። በመስኮቱ ጉም ሲገባ ሌሎቹ ጋቢያቸውን ሲከናነቡ እኔ ኮቴን አወለቅሁ። ኮሶዬ ስንደርስ ሰባ ስድስት ሆነ። መርዙ በየሰዓቱ እየበረታ፣ ከሆዴ ሆኖ እየጠራ መሰለኝ። ቁጥሩን ቢያዩት ሁሉም ከአጠገቤ ይሸሻሉ ብዬ ፈራሁ። ሃምሳ ሰባት ብዬ ጻፍሁ። ለዳገቱም ቀደም ብዬ ሃምሳ ስምንት ብያለሁ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሰማንያ ሦስት ሰምቼ ስልሳ አልሁ።

ሚስተር ኩሪያን እርጥብ የገብስ ማሳ ዳር ቆመው ደብተሬን ተቀበሉኝ። አንዴ አዩት፤ ደገሙት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህችን ዕቃ ከአገሬ በጭኔ ተሸክሜ ያመጣኋት ለዛሬ ነበር» አሉ። «ከፍ ባልን ቁጥር ከሰማይ የሚወርደው ቅንጣት መብዛት ነበረበት። ተበላሽታለች ማለት ነው።»

«ምነው ሰር፣ ሰማዩም ፍልሰታን ይዞ ይሆናላ!» አለ አያ ደምሴ። የሳቀ የለም።

ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ።

«ዋሽቻለሁ ሰር። ሃምሳ ስምንት፣ ስልሳ ሰባት፣ ሰባ ስድስት፣ ሰማንያ ሦስት ነው። በቃሌ ይዤዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«መርዙን በልቼዋለሁ። ከእኔ የሚወጣ መስሎኝ ነው።»

ጣቴንም፣ ምራቄንም፣ ደብተሬንም ተናገርሁ። ሚስተር ኩሪያን ሳይቆጡ ሣጥኗን አንሥተው ለአያ ደምሴ ሰጡት። መቶ እርምጃ ያህል ርቆ ከጉሙ ውስጥ ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። እጄን አገጬ ላይ ጭኜ ጠበቅሁ።

«ሰማንያ አንድ!» አለ ድምፁ። «ኧረ የየኔታ ልጅ፣ አንተ እዚህ የለህም እኮ!»

ከዚያ ቆጣሪዋን ጣቴ ላይ፣ ከንፈሬ ላይ፣ ደብተሬ ጠርዝ ላይ አደረጓት። ያው ነበር። አለቀስሁ።

«ምንም መርዝ ወደ ሆድህ አልገባም ብዬ ልምልልህ አልችልም» አሉኝ ሚስተር ኩሪያን። «ገብቶ ከሆነ እጅግ ጥቂት ነው፤ ይህች ዕቃ ላታገኘው ትችላለች። የሰማኸው ድምፅ ግን ያንተ አይደለም። አሁን ደብተሩን አስተካክል።»

ምላጭ ፈለግሁ። በአባቴ ቤት ብራና ላይ የተሳሳተ ፊደል ይፋቃል።

«አትፋቀው» አሉ። «አንድ መስመር ብቻ ሰርዝበትና እውነተኛውን አጠገቡ ጻፍ። ፈርተህ የጻፍኸውም ይታይ።»

ስንመለስ ሣጥኗን እንደገና ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ጠቅታው እየሳሳ ሲሄድ ሰማሁት።

ይህን ስጨርስ የአባ ሣህሉ ጣት ከከንፈራቸው ሥር ቆሞ ቀርቶ ነበር።

«እና መርዙ ገብቷል ወይስ አልገባም?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

እውነቴን ነው። እነሆ ሰማንያን አልፌያለሁ፤ ጥርሶቼን የጣላቸው እርጅና ነው። ሆኖም አንዱ በወለቀ ቁጥር በልቤ «ይኸው!» ሳልል ቀርቼ አላውቅም። ፍርሃት እውነቱን ሲሰማ ይሄዳል ይላሉ፤ የእኔ አልሄደም፤ ብቻ አላስዋሸኝም ከዚያ ወዲያ። ለተማሪዎቼም ያን ደብተር በየዓመቱ ከፍቼ አራቱን የተሰረዙ ቁጥሮች ሳሳይ ኖሬያለሁ፤ አንዱ፣ የጎንደሩ፣ እውነት ሆኖ ሳለ በድንጋጤ አብሬ የሰረዝሁት ነው።

አባ ሣህሉ ጣታቸውን አዩት፤ በጋቢያቸው ጠረጉትና በደረቁ ገለጡ። ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ተገለጠባቸው። የዘለልነውን ልናነብ ወደ ኋላ ተመለስን።