ጨው የጠጡ ባትሪዎች

አናጢዋ የሥራ ቤቷን በር እንደከፈተች አፍንጫዋን ያዘች። ከባትሪዎቹ ሳጥን የገማ እንቁላል ሽታ ይወጣል። ክዳኑን ብታነሳ ባትሪዎቹ ሆዳቸው ተነፍቷል፤ በጫፋቸው ዙሪያም አረንጓዴ እከክ አውጥተዋል።

«ምን አጠጣሃቸው?»

የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም በሩ ላይ ተደግፎ ሱፍ ይቆረጥማል። «ቤቱ ወንድ አይጣ» ብሎ ሻንጣውን ይዞ ከመጣ ወዲህ፣ ያነሳው ከባድ ነገር ያው ሻንጣው ብቻ ነው።

«ጎድለው አየሁና ሞላሁላቸው፣ እትዬ። ጨውም ጣል አደረግሁበት። የጨው ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ይሄን ሕፃንም ያውቀዋል።»

«የባትሪ ውሃው እኮ እዚያው ጎናቸው ነበር!»

«እሱማ ምንም ጣዕም የለው።»

ቀምሶታል ማለት ነው።

የመብራት መስመር ሰፈሩ አልደረሰም። እሷ የምትሠራው ጣራዋ ላይ በተከለችው ሶላር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ መጋዙን ታስነሳለች፤ ደመና ሲያልፍ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች፤ ስታዘቀዝቅ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለች። መጋዙ እየጮኸ ቤት ውስጥ ካውያ የሚሰካ የለም። ባትሪዎቹን እንደ አራስ ነበር የያዘቻቸው።

ዛሬ ደግሞ ባትሪ የሚበላሽበት ቀን አልነበረም። ዳሌያቸው የተሰበረው አማቷ ነገ ከሆስፒታል ይወጣሉ። «ከፍ ያለ አልጋ ይሁን፤ ዝቅ ካለ ሁለተኛ አይነሱም» ብሏል ሐኪሙ። የአልጋው እንጨት ተለክቶ መቆረጥ ብቻ ቀርቶታል።

መጋዙን አስነሳች። የባትሪውን ኃይል ለመጋዙ የሚቀይረው ኢንቨርተር ጢጥ ጢጥ ብሎ ጠፋ፤ መጋዙም እንጨቱን እንደነከሰ ቀረ።

«በል፣ በእጅ መጋዝ እየተፈራረቅን እንጨርሰው።»

«ወገቤን እኮ ያመኛል፣ እትዬ። እንጨቱ ደግሞ ድንጋይ ነው።»

አየችው። የሱፍ ቅርፊት ከንፈሩ ላይ ተለጥፏል። መፍቻዋን አንስታ ወደ መኝታው ገባች። ሟች ባሏ የሠራው ከፍ ያለ አልጋ አሁን ወንድምየው የሚተኛበት ነው። ፍራሹን ስታነሳ ቅርፊት፣ የጥፍር ቁራጭ፣ ርብራቡ ላይ የደረቀ ማስቲካ። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ብሎኑን መፍታት ጀመረች።

«እንዴ! እኔስ የት ልተኛ?»

«ጨው ካጠጣሃቸው ጋር።»

አልጋውን በፈላ ውሃና በሳሙና ፈተገችው፤ ማስቲካውን በመሮ ፋቀችው። ሽታው ለቆ እንደሆነ ደጋግማ አሸተተች።

በማግስቱ አማቷ ጠርዙ ላይ ተቀመጡ። እግራቸው ወለሉን ረገጠ። ራስጌውን ጨብጠው፣ ፊታቸውን አጨማደው፣ ማንም ሳይደግፋቸው ቆሙ።

«የማን አልጋ ነው?»

«የኔ ነው፣ እማዬ!» አለ ልጃቸው ፈጥኖ። «ለአንቺ ብዬ ለቀቅሁት። እኔ መሬትም ይበቃኛል።»

«ተባረክ! ልጅ ማለት እንዲህ ነው። አየሽ፣ ልጄ?»

አናጢዋ አፏ ውስጥ የመጣውን ቃል እንደ ሬት ዋጠችው።

«አየሁ፣ እማማ። እስቲ አንዴ ደግሞ ተቀምጠው ይነሱ።»