ከሣሩ ሥር ያለው ውኃ

ኡምሰልማ ሞላሌ ዳር የገዙትን ቤት አጥር ከፍታ እንደገባች ዓይኗ ያረፈው ግቢው ሣር ላይ ነው። ቀድሞ የኖረበት የመንግሥት ሠራተኛ በወግ የተከለው ነበር፤ ሰውየው ተዛውሮ ከሄደ ወዲህ ግን የሚያየው አጥቶ፣ ላሽ እንደመታው ራስ እዚህም እዚያም ተመላልጧል። በታችኛው በኩል፣ ከግድግዳው አጠገብ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ዓይነት አረንጓዴ ሽበት ሣሩን ውጦታል። አንድ እግሯን ብታሳርፍበት ስምጥ አለ። እሳት እንደነካት ሁሉ መንጥቃ መለሰችው።

ባሏ ኸይረዲን የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ከገባ ጀምሮ ደስታው ፊቱ ላይ ይታያል።

«ይሄማ ቀላል ነው፤» አላት። «ሽበቱን ቧጥጠን፣ አመድና ፍግ በትነን፣ ሰርዶ እንተክልበታለን። ክረምቱ ሲወጣ ምንጣፍ ነው የሚሆነው።»

«ኢንሻአላህ፤» አለች፤ ዓይኗን ግን ከሽበቱ አላነሣችም።

እንዲህ ያለውን አረንጓዴ ታውቀዋለች። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጊሼ ቁልቁለት ላይ በነበረው ቤታቸው ጓሮ፣ ነሐሴ ላይ መሬቱ እንዲሁ ረጥቦ፣ እንዲሁ ለምልሞ ነበር። እንዲያውም አምሮባት ነበር። ከመሃሉ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አይታ፣ ወፍጮ ቤት ተራ እንዳያልፋት ስትጣደፍ ለማንም ሳትናገር ሄደች። በአምስተኛው ቀን እሷ ገበያ፣ ኸይረዲንም ሱቁ እያሉ ተራራው ተንዶ ቤቱን ይዞት ወረደ። ውስጡ የኸይረዲን ታናሽ እህት ኢልሀም ነበረች። ስንጥቁን ማየቷን ኡምሰልማ እስከዛሬ ለባሏ አልነገረችውም።

የሣሩን ሥራ እኔ ልሥራው ያለችው ለዚህ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ብቻዋን ቀድማ ልታይ። ኸይረዲን ሱቅ ሲሄድ እሷ መኮትኮቻ ይዛ ከሽበቱ ዳር ተቀመጠች። መቧጠጥ ጀመረች። ሽበቱ እንደ አሮጌ ስልቻ ቆዳ እየተገሸለጠ ተነሣ፤ ከሥሩ ጥቁርና ቀዝቃዛ ጭቃ ወጣ። ሦስት ክንድ ያህል እንደገፋች መኮትኮቻው ባዶ ቦታ ገባ። ጭቃውን በጣቷ ጠረገችው። ስንጥቅ ነበር።

ምን ብላ ትናገራለች? «ፈራሁ» ብትለው «ምን አይተሽ?» ይላታል፤ ያኔ የጊሼውም ይወጣል። ሁለት ችካል ቆርጣ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ተከለች። በመካከላቸው ያለውን በእጇ ለካችው፤ ሦስት ስንዝር ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሱብሂ ሰግዳ ስትጨርስ ቀጥታ ወደ ችካሎቹ ትሄዳለች። ዝናብ ሲጀምር ምግብ አይወርድላትም። ኸይረዲን ጋደም ሲል በር በሩን እያየች ትቀመጣለች።

«ይሄን ሣር ከያዝሽ ወዲህ ከሳሽ፤» አላት አንድ ቀን።

«ብርዱ አልስማማኝም፤» አለችው።

በሰባተኛው ጠዋት ስትለካ ሦስት ስንዝር ከሁለት ጣት ሆነ። ደግማ ለካች። ያው ነው።

«ኸይረዲን! ውጣ! በአላህ ውጣ!»

ከጩኸቷ የተነሣ ኸይረዲን ጫማውን ሳያደርግ ወጣ፤ ጎረቤታቸው አቶ ወልደ ጻድቅም በአጥሩ በኩል መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እርከን ሲያሠሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ኡምሰልማ ባሏን በክንዱ ይዛ ወደ መንገዱ እየጎተተች፣ «ሊናድ ነው!» እያለች በሌላ እጇ ችካሎቹን አሳየቻቸው።

አቶ ወልደ ጻድቅ አልቸኮሉም። ዘንጋቸውን እዚህም እዚያም ሰኩት፤ አንድ ቦታ ላይ እስከ እጀታው ጠለቀ፤ ሲነቅሉት ውኃ ተከትሎት ወጣ።

«ልጄ፣ ከበላይሽ ሜዳ ነው፤ የሚናድብሽ ተራራ የለም፤» አሏት። «ግን መጮህሽ ደግ ነው። ዶማ አምጡ።»

ኸይረዲን ቆፈረ። ወገብ የሚያህል ሲጠልቅ ከድንጋይ የተሠራ አሮጌ የውኃ መውረጃ ተገኘ፤ ክዳኑ ወድቆ ተደፍኗል። የጣራውም የመንገዱም ውኃ መሄጃ አጥቶ ከሣሩ ሥር እየተኛ፣ አፈሩን እየሸረሸረ፣ ወደ ግድግዳው መሠረት ደርሶ ነበር።

«አንድ ክረምት ቢጨምር ግድግዳው ይተኛ ነበር፤» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ወደ ኡምሰልማ ዞረው፣ «ችካል ተክሎ መለካትን ማን አስተማረሽ?»

ጭቃው ላይ ተቀመጠች። «ማንም አላስተማረኝም። ጊሼ… እዚያም አይቼው ነበር። ስንጥቁን። ከአምስት ቀን በፊት። ዝም አልኩ።»

ኸይረዲን ዶማውን ጣለና ከግቢው ወጣ።

የዚያን ቀን ያደረባት ፍርሃት ከመሬቱ ፍርሃት የባሰ ነበር። ለቀትሩ ሶላት፣ ለዙህር፣ አልተመለሰም። ሱቁ ተዘግቷል አሏት። ልብሷን አውጥታ አልጋው ላይ ቆለለችው፤ ወደ እናቷ ቤት ልትሄድ። ፈታሁሽ ከሚላት ቀድማ ለመውጣት አስባ፣ እንደገና ፈርታ መልሳ አጠፈችው።

ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላት ተሰግዶ ሲያበቃ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። በሩ ላይ ቆመ።

«ኢልሀምም አይታው ነበር፤» አለ።

«ምን?»

«ስንጥቁን። ወላሂ ነግራኛለች። ‹ወንድሜ፣ ጓሮው ተሰንጥቋል፣ ና እየው› አለችኝ። ዝናቡ ሲያባራ አየዋለሁ አልኳት።» መቃኑን ተደገፈ። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንቺ እንዳታውቂብኝ ስፈራ ነው የኖርኩት።»

ኡምሰልማ ሄዳ እጁን ያዘችው፤ ጣቶቹ ላይ ጭቃው ደርቆ ነበር። ሁለቱም እዚያው ደጃፍ ላይ አለቀሱ።

መውረጃውን በአራት ቀን ጠርገው ክዳኑን መለሱ። የረጠበው መሬት እስኪንጠፈጠፍ ሳምንት ቆዩ፤ ከዚያ የቀረውን ሽበት ቧጥጠው፣ ስንጥቁን በአፈርና በጠጠር ጠቅጥቀው፣ አመድና የበሰበሰ የበግ ፍግ በተኑበት። ሰርዶውን ከአቶ ወልደ ጻድቅ ማሳ ዳር ነቅለው በመስመር ተከሉት። መስከረም አልፎ የላይኛው በኩል ያዘ። ከግድግዳው አጠገብ ያለው ግን ጥላ ስለሚበዛበት እስካሁን ግማሹ ራሰ በራ ነው።

ዝናብ ሲመጣ ኡምሰልማ ዛሬም ልቧ ይመታል። ድሮ ግን ብቻዋን ነበር የምትፈራው። አሁን ደመና ሲጠቁር ኸይረዲን ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፤ ጃንጥላ ይዘው ሁለቱም ይወጡና ውኃው በመውረጃው መሄዱን ጎንበስ ብለው ያያሉ።

«እየሄደ ነው?» ትለዋለች።

«እየሄደ ነው። አንቺም እይው።»