ነጩን ያልጠረብኩለት ምሰሶ

አሶሳ ውስጥ ዓመታት አልፈውበት ያልተንጋደደ በር ካያችሁ ማን ሠራው ብላችሁ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እኔ ነኝ። ከወሎ በሰፈራ ስመጣ የያዝኩት አንድ መጥረቢያ ብቻ ነበር። አናጺነትን ማንም አላስተማረኝም። ዛሬ ሙያ ተምረው የተመረቁ ልጆች ሲቸግራቸው የሚመጡት እኔ ዘንድ ነው። የዋንዛ ግንድ በመጥረቢያ ጀርባ መታ አድርጌ በድምፁ ብቻ ልቡ ምን ያህል እንደወፈረ እናገራለሁ። በዚህ ተሳስቼ አላውቅም።

የእንጨት ዋጋው ልቡ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጩ ለስላሳ ስለሆነ ምስጥ ይወደዋል። መሃል ያለውን ጠቆር ያለውን ግን ምስጥ አይደፍረውም። እዚህ አገር ደግሞ ምስጥ ያልቀመሰው ነገር የለም።

ይህን እያወቅሁ ነው የጎረቤቴን ምሰሶ ያበላሸሁት። ጎረቤቴ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ነበር፤ ከመጣሁ ጀምሮ ወዳጄ። አዲስ ጎጆ ሲቀልስ የመሃል ምሰሶውን ለእኔ ሰጠኝ።

«ነጩን ጥረበው፤ ልቡ ይበቃል» አለኝ።

«ከጠረብኩት ይቀጥናል። እሱ የሠራው ምሰሶ ቀጭን ነው ሲሉኝ ልስማ?»

«ወላሂ፣ አንተና ምስጥ አንድ ናችሁ! ሁለታችሁም ነጩን ትወዳላችሁ» ብሎ ሳቀ።

ምሰሶው እንደወፈረ ቆመ። የገባ ሁሉ አደነቀ።

ወዳጄ አምና አረፈ። ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ሚስቱ አስጠራችኝ። ጎጆው ወደ በሩ አዘንብሏል። ልጆቿ ባምባሲ ወስደው ሊያኖሯት ይፈልጋሉ፤ እሷ ደግሞ ከባሏ ቤት መውጣት አልሆነላትም።

«ወንድሜ፣ ምሰሶው ካለቀለት ንገረኝ። እሄዳለሁ» አለችኝ።

ሥሩን ቆፈርኩ። ነጩ በሙሉ አፈር ሆኗል፤ እጄ ዘው ብሎ ገባ። በቢላዋ ፍቄ ፍቄ ልቡ ላይ ስደርስ ቢላዋው እምቢ አለ። ልቡ እንደተተከለ ነው። ዙሪያው ባዶ ስለቀረ ግን ምሰሶው እንደሚወልቅ ጥርስ ይነቃነቃል።

«ልቡ ደህና ነው» አልኳት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ነጩን ጥረበው ብሎኝ ነበር።»

«አውቃለሁ። ሌላ ሰው ጠርተህ አስጠርበው እለው ነበር። ‹ተይው፣ ወንድሜ ይከፋዋል› ይላል።»

 ወዳጄ የእኔ ኩራት እንዳይነካ ብሎ እስኪያርፍ ድረስ ምስጥ ከሚበላው ምሰሶ ሥር ተኝቷል።

በማግስቱ ጎረቤቶች ጣሪያውን በባላ ደግፈው ያዙልኝ። ምሰሶውን አቃናሁ፤ ነጩን ከሥር እስከ ላይ ጠርቤ ጣልኩ፤ ጉድጓዱን በድንጋይ ጠቀጠቅሁ። አሁን ቀጭን ነው። የሚገባ ሰው አያደንቀውም። ክረምቱ አለፈ፤ እሷም እዚያው አለች።

ማንም አላስተማረኝም የምለውን ግን እዚያ ቤት ውስጥ አልናገረውም።