አንድ ዓይነት ሁለት ብስክሌቶች

ብስክሌቴን የገዛሁት ድንኳንም፣ የዋና መነጽርም፣ የፈረስ ኮርቻም ከሚሸጥበት ትልቅ የስፖርት ዕቃ መደብር ነው። የኮርስ ብስክሌት ነው፤ ጎማው ቀጭን፣ መሪው ወደ ታች የታጠፈ፣ ዋጋው ደግሞ የእኔ ቢጤ የሚደፍረው። ብቻዬን አልገዛሁም። ጓደኛዬም በዚያው ቀን ያንኑ ዓይነት፣ ያንኑ ግራጫ ቀለም ገዛ። የስደተኞች ካምፕ ውስጥ አንድ ክፍል የኖርን፣ ኋላም አብረን ቢሮ ያጸዳን ሰዎች ነን፤ አንዱ ካልሲ ሲገዛ ሌላውም የሚገዛ ዓይነት። ከመደብሩ እስከ ሰፈራችን ኦስዶርፕ እየነዳን ስንመጣ በዚያ ዕድሜያችን እንደ ጎረምሳ እንጮህ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ጠዋት የእኛ ሆነች። በአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ዞረን እንመለሳለን። በዚህ በሆላንድ አገር ዳገት የለም፤ ነፋሱ ግን ከዳገት ይብሳል። ስለዚህ አንዱ ከፊት ሆኖ ነፋሱን ይጋፈጣል፣ ሌላው ከኋላው ተለጥፎ ያርፋል፣ ከዚያ እንቀያየራለን። ሳምንቱን ሙሉ ስሎተርቫርት ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ሰው ሲያነሳና ሲያስተኛ የሚከርመው ወገቤ እንኳ ቅዳሜን ይናፍቃት ነበር።

ጓደኛዬ ከሥራ ጋር የሚማረውን ትምህርት ጨርሶ ሮተርዳም የቢሮ ሥራ ያዘ። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። ነገር የተበላሸው ካርቦን የሚሉትን ብስክሌት ይዞ ደጄ የመጣ ዕለት ነው። ጥቁር ነው፣ ያብለጨልጫል። «እስቲ አንሳው» አለኝ። በሁለት ጣቴ ተነሳ። ነፋስ እንዳይወስድብህ ብዬ ቀለድኩበት፤ የሳቅሁት ግን በጥርሴ ብቻ ነው። እሱ እንደሄደ የራሴን ብስክሌት ገልብጬ የተለጠፈበትን የመደብሩን ስም በቢላ ፋቅሁት። ስሙ ለቀቀ፣ ሙጫው ቀረ። አሁን አቧራ እየያዘ ከበፊቱ ይልቅ ይታያል።

ብስክሌቱ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ከብስክሌቱ ጋር ሰዎች መጡ። አንድ የቢሮ ባልደረባው የሚነዳበት የሆላንዶች ቡድን አለ፤ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ማልያ የሚለብሱ፣ እንደ ተወዳዳሪ ብስክሌተኞች እግራቸውን የሚላጩ ወንዶች። ጓደኛዬ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ቀረብኝ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ መቅረቱን መንገርም ተወ። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ በባሕሩ ዳር፣ በአሸዋ ኮረብታዎቹ መሀል እስከ ዴን ሃግ ከተማ እንዴት እንደበረሩ ይተርክልኛል። የዚያን የባልደረባውን ቀልድ እየደጋገመ ይነግረኛል፤ ቀልዱ አያስቅም። ቅናት አንገበገበኝ። በካርቦኑ አይደለም፣ በሰውዬው ነው የቀናሁት። የጓደኛዬን ጀርባ እያየ የሚነዳው አሁን እሱ ነው። አንድ ቀን ጓደኛዬ እግሩን ተላጭቶ ቤታችን ሲመጣ ሚስቴ በሳቅ ሞተች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ባለፈው ጸደይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ኒው ዌስት በሚባለው በእኛው የከተማ ክፍል ካለው ሐይቅ ዳር ድልድዩ ላይ አገኘኋቸው። በአጋጣሚ ነው አልልም፤ ከዚያ እንደሚነሱ አውቅ ነበር። ጎማ እየነፉ ነው። ጓደኛዬ ሲያየኝ ደንገጥ አለ፣ ከዚያ በሆላንድኛ አስተዋወቀኝ። ልጠላው ተዘጋጅቼ የነበረው ባልደረባው ብስክሌቴን ዞር ዞር ብሎ አየና እሱም በእንዲህ ያለው እንደጀመረ ነገረኝ። ቀጥሎም ዛሬ አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቀኝ።

ይህን ስጠብቅ ከርሜ ምን አልኩት? አይ፣ አመሰግናለሁ፣ እናንተ ሂዱ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚባለው። ሰው ሲጋብዝህ ወዲያው እሺ አትልም። እምቢ ትላለህ፣ ይለምንሃል፤ ደግመህ እምቢ ትላለህ፣ በሞቴ ይልሃል፤ ያኔ ትነሳለህ። ሰውዬው ይህን ከየት ይወቀው? «እሺ፣ ሌላ ጊዜ» አለና ሄልሜቱን አጠበቀ። በእሱ አልተቀየምኩም።

እኔ የማየው ጓደኛዬን ነበር። እሱ ያውቃል። እኔን ከገበታ ለማስቀመጥ ስንት ጊዜ እጄን ጎትቷል። በአማርኛ አንዲት ቃል ቢወረውርልኝ፣ ተው እንጂ፣ ና ቢለኝ፣ እንኳን ዴን ሃግ የትም እሄድ ነበር። አየኝ። ምን እንደምጠብቅ እንደገባው ከዓይኑ አወቅሁ። ከዚያ ብስክሌቴን አየ፣ ሰዎቹን አየ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ከፔዳሉ ጋር አገጣጠመ።

«በል እሺ፣ ደህና ዋል» አለኝ።

ተከታትለው ወጡ። እሱ ከመሀል ነበር። ድልድዩን ጨርሰው ከዛፎቹ ጀርባ እስኪገቡ ድረስ አንድ እግሬን መሬት፣ አንዱን ፔዳል ላይ አድርጌ ቆየሁ። አንዴ እንኳ ዞር ቢል እከተለው ነበር።