ያልተረከቡት ፌስታል

አክሊል ሰው አያምንም፤ ሰውም እንዲያምነው አይለምንም። ከሆሳዕና ወጥቶ ጁባ ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ካቶር በሚባል ሰፈር ውስጥ በአንዲት የኮንቴይነር ሱቅ ኮምፒውተር ይጠግናል። የማይለቀው አንድ ልማድ አለው። ከማሽን ያወጣውን ሁሉ፣ የተቃጠለ ዕቃም ይሁን የጠረገበት ጨርቅ፣ በፌስታል ቋጥሮ ለባለቤቱ ያስረክባል። «ይኸው፤ ነገ ደግሞ ዕቃዬን ለወጠብኝ እንዳትል» ይላል ፊቱን ሳይፈታ። ደንበኞቹ ያሙታል፤ ሌላ ሰው ጋ ግን አይሄዱም። ማስታወቂያ የለው፣ ታፔላ የለው፤ እንጀራው ስሙ ነው።

በዚያ ሰሞን ታዲያ ያው ስሙ ተነካ። አማራት ሰፈር አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሚሠራው ብስራት የጌም ኮምፒውተር አለው፤ አክሊል ከሦስት ወር በፊት አጽድቶለታል። አሁን ጨዋታ በከፈተ በአምስት ደቂቃው ስክሪኑ አረንጓዴና ሐምራዊ ካሬ በካሬ ይሆንና ድርግም ይላል። የብስራት ሚስት ማናህሎሽ በቤት ለቤት ጸሎት ላይ፣ «አክሊል ደህናውን ግራፊክስ ካርድ አውጥቶ አሮጌ ከተተበት» ብላ አወራች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ ሁለት ደንበኞች ያልተሠራ ላፕቶፓቸውን ተቀብለው ሄዱ።

ሐሙስ ከሰዓት ባልና ሚስቱ ኮምፒውተሩን ይዘው መጡ። ብስራት ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገው።

«ከላስ! በቃ፣ ካርዴን መልስ።»

«ምኑን ነው የምመልሰው?»

«ያወጣኸውን!»

አክሊል ደሙ ፈላ። «እዚሁ ቁም። ዓይንህን ከእጄ ላይ እንዳትነቅል» አለው።

ገመዱን ቀየረ፤ ካሬዎቹ መጡ። ከራሱ ስክሪን ጋር አገናኘው፤ አሁንም መጡ። ካርዱን የሚያሠራውን ድራይቨር አጥፍቶ እንደገና ጫነና ጨዋታውን ከፈተ። የካርዱ ሙቀት ዘጠና ዲግሪን ሲያልፍ ስክሪኑ ጠፋ።

«ካርዱ እየነደደ ነው» አለ።

«አሮጌ ዕቃ ቢነድ ምን ይገርማል?» አለች ማናህሎሽ ከበሩ ላይ። ይቺን ሴት አንድ ቀን በጥፊ ሳልላት አልቀርም ሲል አሰበ፤ ወዲያው ደግሞ ጌታ ይቅር ይበለኝ አለ።

በዚህ መሀል ብስራት ከቢሮ ተደወለለትና ወደ ውጭ ወጣ። አክሊል ክዳኑን ፈታው። የካርዱ ማራገቢያ ተጣብቆ አይዞርም፤ የጁባ ቀይ አቧራ በላዩ ላይ ሊጥ ሆኖ ተቦክቷል። በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተ። የጽጌረዳ ሽታ ያለው ዘይት ነው። እነሱም እሱም የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር በየወሩ መጀመሪያ ጸልዮበት በትንሽ ጠርሙስ ለምእመኑ የሚያድለው ዘይት! ቀና ሲል ማናህሎሽ ፊቷ ዐመድ መስሏል።

«ምን አድርገሽ ነው?»

«ማታ ማታ እዚያ ላይ ተተክሎ ጭራቅ ሲያጋድል ነው የሚያመሸው። እኔን ዞር ብሎ አያየኝም። መንፈሱ ከቤቴ ይውጣልኝ ብዬ ኮምፒውተሩን ቀባሁት።»

«ጠብ አድርገሽ?»

«ጠርሙሱን ሙሉ። ከላይ በአየር ማስገቢያው ወንፊት።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወንድም አክሊል፣ በጌታ ይዤሃለሁ፤ ለብስራት እንዳትነግረው። ይሄን ከሰማ አብረን አናድርም።»

አክሊል አላዘነላትም። ለምን ይዘንላት? ሌባ ስትለው እኮ የራሷን ሥራ እያወቀች ነው። ቢሆንም ትዳር አፍርሶ መኖርን አልወደደም።

«ሌባ ባልሽበት አፍ እሑድ ምስክርነት ላይ ቆመሽ፣ አይደለም ትያለሽ።»

«እላለሁ! በጌታ ስም!»

ዘይቱን በአልኮልና በነጭ ጨርቅ ጠርጎ አወጣው፣ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ፔስት ቀየረና ገጠመው። ብስራት ሲመለስ ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያለ እንከን ሠራ።

«ምን ሆኖ ነበር?» አለ ብስራት።

«ማራገቢያው ተይዞ ነው።»

«ፌስታሉስ? ሁልጊዜ የምትሰጠው?»

ማናህሎሽ መሬት መሬቱን አየች። «ዛሬ የለም» አለ አክሊል። በዘጠኝ ዓመቱ እንዲህ ሲል የመጀመሪያው ነው።

ብስራት በንቀት ፈገግ አለ። «ገባኝ፤ የራሴን ካርድ መልሰህ ነው» ብሎ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ወጣ። አክሊል ዝም በማለቱ ራሱን ሲረግም አመሸ።

እሑድ ለባብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ዘይቱን የጠረገበትን ጨርቅ በፌስታል እንደቋጠረ ኮት ኪሱ ከተተው። ቃሏን ከጠበቀች ሲመለስ ሊጥለው ነው።

ምስክርነት ያለው ሲባል ማናህሎሽ ቀድማ ተነሣች። ማይኩን ያዘች። አክሊል ልቡ ጥቂት ረገብ አለ።

«የተወሰደብን ንብረት ነበር» አለች። አክሊልን አየችው፤ ከዚያ ባሏን አየች፤ ባሏ በጭንቅላቱ ቀጥዪ አላት። «ጸለይን። ጌታ የሰውየውን ልብ ነክቶ፣ የወሰደውን በገዛ እጁ እንዲመልስ አደረገው! ሃሌሉያ!»

«አሜን!» አለ ጉባኤው። አንዳንዱ ዞሮ አክሊልን አየው።

አክሊል ተነሣ። ወደ መድረክ አልሄደም። በወንበሮቹ መካከል አልፎ ብስራት ጋ ደረሰና ፌስታሉን ጭኑ ላይ አስቀመጠለት።

«ያንተ ነው» አለው፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ከካርድህ ላይ የወጣ። ሐሙስ ሳላስረክብህ ቀረሁ።»

ብስራት ቋጠሮውን ፈታ። የጽጌረዳው ሽታ ከአጠገቡ ያሉትን ሁሉ አዳረሰ፤ የፓስተሩን ዘይት ሽታ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጨርቁን አንሥቶ አሸተተ፤ ከዚያ ሚስቱን አያት። ማይኩ ገና በእጇ ነበር።